የአባቷ ቮላኖ

ፒክአፗ የሞተችው ዳገት መሀል ነው፤ ያውም መስታወት እንደጫነች። መጀመሪያ ከሆዷ አንድ ነገር ድው አለ፤ ቀጥሎ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ፤ ከዚያ ጸጥ። ባለመስታወቷ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ዘላ ወርዳ፣ የኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጉጣ፣ ተመልሳ ኮፈኑን እስክትከፍት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። እሷ ምንም ነገር ሁለት ደቂቃ ፈጅቶባት አያውቅም።

ስለ እሷ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ምሳዋን ቆማ ትበላለች፤ ስልክ ስታወራ ክፍሉን አሥር ጊዜ ትዞረዋለች፤ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ታቀብለዋለች። እርጋታ የሚባል ነገር የሚጎበኛት መስታወት ስትቆርጥ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ትንፋሿን ትይዛለች፤ አንድ መስመር ታሰምራለች፤ ጠቅ ታደርገዋለች፤ አለቀ። ወዲያው ቁጭ ብድጓ ይመለስባታል። ሰፈሩ «ባለመስታወቷ» ይላታል፤ አባቷ ግን «ችኩሏ» ነው የሚላት።

ጎትተው ያደረሷት የመጀመሪያው ጋራዥ ሳቀባት። ሁለተኛው አዘነላት። ሦስተኛው ቁርጡን ነገራት።

«የሞተሩ ብረት ራሱ ተሰንጥቋል እህቴ። ይህ ዓይነት ሞተር ደግሞ አሁን የትም የለም፤ ዕድሜው ካንቺ ይበልጣል። ያለሽ ምርጫ የሌላ ዘመን ሞተር አምጥቶ ማስገባት ነው። እሱን ጥንቅቅ አድርጎ የሚሠራልሽ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ጭምቱ የሚሉትን ታውቂዋለሽ?»

ታውቀዋለች እንጂ። እነሱ ቤት ስሙ የማይነሳ ሰው ነው።

አባቷ ድሮ የራሱ ጋራዥ ነበረው። «ጋሽ ጆሮ» ይሉታል መካኒኮቹ፤ መኪና በመንገድ ሲያልፍ ሰምቶ ብቻ «የዚህ ሁለተኛው ባልቦላ ልክ አይደለም» ስለሚል። ጭምቱ እሱ ዘንድ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ዛሬ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ አባቷ ደንበኛ ፊት አባረረው። ያኔ እሷ ተማሪ ነበረች፤ የምታስታውሰው ጎማ ተሸክሞ ዓይኑን ሳያነሳ የሚያልፍ አንድ ቀጭን ልጅ ብቻ ነው። ለምን እንደተባረረ ስትጠይቅ ሁልጊዜ የምታገኘው መልስ አንድ ነበር። «እሱ ዕቃ ቀያሪ እንጂ መካኒክ አይደለም። በሰው ፊት አዋርዶኛል።»

ፒክአፗ የአባቷ ነበረች። ሞተሯን በገዛ እጁ ስንት ጊዜ ፈትቶ እንደገጠመው እሱም አያውቀውም። እሷ የመስታወት ሱቋን ስትከፍት ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጎ «ሞተሯን አደራ» ያላት ሰው ነው። አሁን ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ አራት ወሩ ነው፤ መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ የሚጠብቀውም የመኪናዋን ድምፅ ነው።

እንግዲህ ሄዳ «ሞተርህ ሞቷል፤ ሌላ ላስገባበት ነው፤ የሚያስገባውም ያ ያባረርከው ልጅ ነው» ትበለው?

«ሞተሯ ተፈቶ እየታደሰ ነው አባዬ» አለችው።

«ማን ጋ?»

«እዚያ ገበያው አጠገብ ካሉት ጋ።»

«እነዚያ እንኳ እጃቸው ሸካራ ነው» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷም ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

* * *

ጭምቱ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር በጀርባው ተንሸራቶ ወጣ። ያ ቀጭን ልጅ ትከሻው ሰፍቷል፤ ዓይኑ ግን ያው መሬት መሬት ነው የሚያየው። እሷን አልፎ በቀጥታ ወደ ፒክአፗ ሄደና መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ።

«የጋሼ ናት» አለ።

«ነበረች። አሁን የኔ ናት። በስንት ቀን ታወጣልኛለህ?»

«ጋሼ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው። በስንት ቀን?»

«እዚህ እንዳመጣሻት ያውቃሉ?»

«አያውቅም። እንዲያውቅም አልፈልግም።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህች ደቂቃ ፈገግ ይል ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት የታመቀ ነገር አለ አይደል? እሱ ግን ኮፈኑን ከፍቶ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው፤ ፊቱም የዘመድ መርዶ የሰማ ሰው ፊት ሆነ። ያ ነገር አንጀቷን በላው፤ ለምን እንደበላው ግን ለማሰብ አልቆመችም።

«ሞተር አለኝ» አለ። «ከአንዲት ከተገለበጠች ሚኒባስ የወጣ ነው። ከዚህኛው ጋር ዘመድ ናቸው፤ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል። እግሩም ሆዱም ስለማይገጥም እንዲሁ ዝም ብሎ አይገባም። ሦስት ሳምንት።»

«አንድ ሳምንት።»

«ሦስት።»

«ሁለት አድርገው፤ እኔም ሥራ አለብኝ።»

«ሦስት» አለና ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ቀረላት። ለእግር ደግሞ ምን ይባላል?

* * *

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላዋ ሁሉ እዚያ ሆነ። በኪራይ መኪና መስታወቷን አድርሳ ስትጨርስ እግሯ ወደ ጋራዡ ይወስዳታል። «ሥራው የት ደረሰ?» ትላለች፤ «እየሄደ ነው» ይላታል። በዚህ መልስ የሚጠግብ ሰው አለ?

ሥራው በርግጥ የዋዛ አልነበረም። የአዲሱ ሞተር ማሰሪያ ቀዳዳዎች ከድሮው አራት ጣት ይርቃሉ። የዘይት መያዣው ዝቅ ሲል የመኪናዋን አግዳሚ ብረት ይነካል። ማራገቢያው ራዲያተሩን ሊስመው ምንም አልቀረውም። ጭምቱ ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥሎ ያወርደዋል፤ ያየዋል፤ መልሶ ያወጣዋል። ይለካል። እንደገና ይለካል። ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ሦስተኛ ይለካል።

«አንተ ሰውዬ፣ ብረቱ በመሀል አድጎ ይሆናል ብለህ ነው?» አለችው በአምስተኛው ቀን።

«ሊሆን ይችላል።»

ቀና ብላ አየችው። ሳይስቅ ነው የቀለደው። ይህ ሰው ይቀልዳል ማለት ነው።

በማግስቱ የአዲሱን ማሰሪያ ልክ በካርቶን እያወጣ ነበር፤ ሦስት ካርቶን አበላሽቷል። ትዕግሥቷ አለቀ።

«አምጣው ወዲህ። መለካትማ የኔ እንጀራ ነው።»

ሜትሩን ከእጁ ነጥቃ፣ ሞተሩ ሥር ተንበርክካ አንድ ጊዜ ለካች፤ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በምላጭ አንድ ጊዜ ቆረጠች። እሱ ወስዶ ቦታው ላይ አኖረው። አራቱም ቀዳዳ አራቱ ብሎን ላይ ተቀመጠ። ካርቶኑን ትቶ እሷን አያት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬቱን ሳይሆን ፊቷን አየ፤ ዓይኑንም ቶሎ አልመለሰም።

«ሳትደግሚ ነው የምትቆርጪው?»

«መስታወት ይደገማል እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ካርቶኑን ሁሉ እሷ ቆረጠች። የዘይት ባልዲ ገልብጦ ጨርቅ አልብሶ «ተቀመጪ» አላት፤ እሷም ተቀመጠች። ጉድ ነው፤ ተቀመጠች። ሲሠራ እያየች፣ ብዙም ሳይነጋገሩ፣ መፍቻ ሲል መፍቻ፣ ጨርቅ ሲል ጨርቅ እያቀበለች ሰዓቱ ይሄዳል። አንዳንዴ መፍቻውን ስትሰጠው ጣታቸው ይነካካል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ስለ ብሎን ያወራሉ። ወደ ቤት ስትመለስ ግን ይብስባታል፤ ዕቃ ከቦታ ቦታ ታዛውራለች፤ የታጠበ ታጥባለች። እንደወደደችው ገብቷታል። የገባት ቀን ጭራሽ መቆሚያ አጣች።

አባቷ ከወንበሩ ሆኖ ይከታተላታል።

«ማነው አሁን ሞተሯን የሚሠራልሽ?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ገበያው አጠገብ ያሉት።»

«ስሙ ማነው?»

«እኔ እንጃ አባዬ። ስም መች ጠይቄ?»

ዓይኑን ማየት አልቻለችም። ይህን ሰው አታልላ አታውቅም ነበር፤ አሁን በየቀኑ ነው የምታታልለው።

* * *

ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሊወርድ በተዘጋጀ ቀን መሬት ላይ ከተዘረገፉት የድሮው ሞተር ዕቃዎች መሀል ቮላኖውን አየችው። ቮላኖ ከሞተሩ ጀርባ ታስሮ የሚሽከረከረው ያ ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ዙሪያውን ጥርስ አለው። ይህን ጥርስ አባቷ ሲቀይረው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ጥርስ ያለውን ቀለበት እሳት ላይ አግሎ በመቆንጠጫ አንስቶ ቮላኖው ላይ ሲያሳርፈው፣ እሷ ውሃ የያዘ ጣሳ ታቅፋ «አሁን» እስኪላት ትጠብቅ ነበር።

ጎንበስ ብላ ጥርሱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይህን ግጠምልኝ» አለችው ጭምቱን።

«ምኑን?»

«ይህን ቮላኖ። አዲሱ ሞተር ላይ የአባዬን ግጠምልኝ። አንድ ነገር እንኳ ከእጁ ሥራ ይኑርባት።»

አዲሱ ሞተር የራሱ ቮላኖ አለው፤ ታስሮ፣ ተወልውሎ፣ ዝግጁ ሆኖ ተቀምጧል።

«ባይሆን ይሻላል» አለ።

«አይገጥምም?»

«መግጠሙንስ ይገጥማል።»

«ታዲያ ምንድን ነው ችግሩ? እባክህ። ዋሽቼዋለሁ፤ ሞተሩን ጥዬበታለሁ፤ አንተንም ስምህንም ደብቄበታለሁ። መኪናዋ ውስጥ ስገባ አንድ የሱ የሆነ ነገር እንዳለ ልወቅ።» ድምጿ ሰለለ፤ ስለሰለለም ተናደደች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከኋላዋ ለረጅም ጊዜ ብረት በጨርቅ ሲወለወል ሰማች።

«እሺ» አለ።

አሁን ብታስበው፣ ያን ቃል ለማውጣት የወሰደበት ጊዜ ሦስት ጊዜ ከሚለካበትም ይበልጥ ነበር። ያኔ ግን አላሰበችም። ደስ ብሏት ነበር።

* * *

ሞተሩ በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ተነሳ። በመጀመሪያው ቁልፍ። እሷ ነድታ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሰፈሩን ዞሩ። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ሲያዳምጥ አባቷን መምሰሉ አስገረማት።

«ምን ሰማህ?»

ዓይኑን ገልጦ አያት። እሷ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ በርቶ ነበር።

«ደህና ናት» አለ። «ብቻ ለሁለት ሳምንት ከሃምሳ በላይ አትንጃት። ከዚያ መልሼ አያታለሁ።»

«ሃምሳ? እኔ? በሃምሳ?»

«እንደምንም።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንዲህ አላት፤ «ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ የድንጋይ ማውጫ አለ። ማሽኖቻቸውን እንድይዝላቸው ፈልገውኛል። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡስ አለ። ቁርጡን ገና አልነገርኳቸውም።»

«ምን ትጠብቃለህ?»

ዞሮ አያት። እንዲህ ያለ አስተያየት የማይገባት ሴት የለችም። አፏ ላይ የመጣውን ልትለው ነበር። ግን ወዲያው አባቷ ከነወንበሩ፣ ከነመስኮቱ መጣባት። የቱን አስቀድማ ትንገረው? ሞተሩን? ውሸቷን? ወይስ ያባረረውን ሰው እንደወደደች?

«መሪው ወደ ግራ ትንሽ አይጎትትም?» አለች።

እሱም ወደ እግሩ ሥር አቀረቀረ። «አስተካክለዋለሁ» አለ። እንደዚህ ነው ሰው ዕድሉን በገዛ አፉ የሚያባርረው።

* * *

ማክሰኞ ዕለት ለአንድ ክሊኒክ መስኮት የሚሆን አሥራ አንድ መስታወት ጫነች። ዘግይታለች። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ባዶ ነው። ሃምሳ ላይ ጥቂት ቆየች። ስድሳ አለች። መሪው እጇ ላይ ተርገፈገፈ። ሰባ ስትደርስ የመኪናዋ ሁለመና ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ወንበሩ፣ በሩ፣ ጥርሷ ሳይቀር። እግሯን ስታነሳ ዘግይታ ነበር። ከኋላ የሰማችውን ድምፅ ባለመስታወት ላልሆነ ሰው ልንገረው ቢሉ አይገባውም። ከአሥራ አንዱ አንድ አልተረፈም።

በዚያው ስብርባሪውን እያንቃጨለች ጋራዡ ድረስ ሄደች።

«ና ውጣ።»

ጭምቱ ወጥቶ የጭነቱን ቦታ አየ። ፊቱ ጠቆረ። «ስንት ላይ ነበርሽ?»

«ስንት ላይ ነበርሽ ነው የምትለኝ? ሰባ ላይ ነበርኩ። ያሠራሁህ መኪና ነው፣ ጋሪ አይደለም። ሰው እየጠበቀኝ፣ መስኮታቸው ክፍት ሆኖ ሳለ ነው ይህ የሚደረግብኝ? አባቴ እውነቱን ነው። አንተ ዕቃ ቀያሪ ነህ። መካኒክ አይደለህም።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ብትመልሰው በወደደች። ግን ምላሷም እንደ እጇ ነው፤ አንዴ ነው የሚቆርጠው። ጭምቱ መልስ ነበረው፤ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ሲመለስ አይታዋለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እዚሁ ትተሻት ሂጂ። እስከ ነገ አስተካክላታለሁ።»

«እጅህን ከመኪናዬ ላይ አንሳ።»

እጁን አነሳ። እሷም ሄደች።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስልኩን አንስታ ስታስቀምጥ ዋለች። ይቅርታ ልትለው ትፈልጋለች፤ ደግሞ ስብርባሪው ትዝ ይላታል፤ ደግሞ ያ ዝም ያለ ፊቱ ትዝ ይላታል። የክሊኒኩን መስታወት እንደገና ልትቆርጥ ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ አበላሸች።

* * *

ሐሙስ አባቷ ለዘጠኝ ሰዓት ተኩል የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። ደግፋ ፒክአፗ ላይ አወጣችው፤ ከዘራውን ጉልበቱ መሀል አቆመ። በአርባ እየነዳች ወጡ። ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው፤ መቼም ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሄድ አውቶቡስ እንዳለ መርሳት አልቻለችም።

ሜዳው መንገድ ላይ ሲደርሱ «እስቲ ስድሳ አድርሻት» አለ አባቷ።

«ይቅርብን አባዬ።»

«አድርሻት።»

አደረሰቻት። መሪው ተርገፈገፈ። አባቷ መዳፉን ፊቱ ካለው ብረት ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቁሚ» አለ።

ዳር ይዛ ቆመች። ቆሌዋ ተገፏል።

«ይህ ሞተር የኔ አይደለም። ይህን እንኳ የመጀመሪያውን ቀን በመስኮት ሰምቼዋለሁ። ምንም አላልኩሽም፤ ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው። ሰኞ እሷን ትተሽ በእግርሽ ሱቅ ስትሄጂ በከዘራዬ ወጥቼ ኮፈኗን ከፈትኩ። ሞተሩን እንዲህ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው በዚህ ከተማ አንድ ነው። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።»

«አባዬ...»

«ቆይ፣ ችኩሏ። የሚገርመኝ ሌላ ነው። መንቀጥቀጧ የምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቮላኖው የኔ ነው። የድሮው ሞተር በራሱ ሚዛን ስላልነበረው ቮላኖው ሆን ተብሎ አንድ ጎኑ ከብዶ ነው የተሠራው። ይህ አዲሱ ራሱን የቻለ ነው፤ ያ አንድ ጎን የከበደ ብረት ከኋላው ሲታሰርበት ያንቀጠቅጠዋል። ይህን ስህተት ጀማሪ አይሠራውም። ጀማሪ ሞተሩን ከነቮላኖው እንዳለ ይገጥመዋል። ይህን ለመሥራት ትክክለኛውን አውቆ መፍታት፣ ስህተተኛውን አውቆ ማሰር ይጠይቃል። ሰው ለምኖት ነው። ማን ለመነው?»

ፊቷ ጋለ።

«እኔ።»

«እሱስ መጀመሪያ ምን አለሽ?»

«ባይሆን ይሻላል አለኝ።»

አባቷ በረጅሙ ተነፈሰና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ቀጥሎ ያለውን የተናገረው ሳያያት ነው።

«ያን ልጅ ለምን እንዳባረርኩት በትክክል ነግሬሽ አላውቅም። የደንበኛ መኪና ነበረች፤ የተሰነጠቀ የሞተር ክዳን በብየዳ ደፍኜ ግጠመው አልኩት። አልገጥምም አለኝ፣ መንገድ ላይ ሰው ይጥላል አለኝ። ደንበኛው እየሰማ ሦስት ጊዜ አዘዝኩት፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አለኝ። እንጀራውን ጥሎ ወጣ እንጂ ያላመነበትን አላሰረም። ትክክልም ነበር። እኔ እልኸኛ ነኝ።» ወደ እሷ ዞረ። «እኔን ጌታውን እምቢ ያለ ሰው፣ አንቺን ነው እሺ ያለሽ። ይህ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ መካኒክ ይጠየቃል እንዴ?»

መሪው ላይ ግንባሯን አስደግፋ አለቀሰች። ዕቃ ቀያሪ ብላው ነበር። እሷ የለመነችውን ሠርቶላት፣ እሷው ስትሰድበው፣ «አንቺ ነሽ ያልሽኝ» እንኳ አላላትም።

«አባዬ፣ ዛሬ ለሥራ ሩቅ አገር ሳይሄድ አይቀርም፤ አውቶቡሱ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«ሩብ ጉዳይ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ቀጠሮህስ?»

«ዳሌዬ የትም አይሄድም። ንጂ።»

«ትንቀጠቀጣለች እኮ።»

«ትንቀጥቀጥ።»

ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። የጎን መስታወቱ ተርገፍግፎ በውስጡ የሚታየው አንዱ መንገድ ሦስት ሆነ። አባቷ በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው ዳሌውን ይዞ ጥርሱን ነክሷል። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቸኩል ኖራለች፤ ለምን እንደምትቸኩል በትክክል ያወቀችው ግን ዛሬ ነበር።

* * *

መናኸሪያው ግቢ ሲገቡ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ጭምቱ በሩ አጠገብ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፤ ፊቱን ግን ወደ መንገዱ አዙሯል። ያን መንቀጥቀጥ ከሩቅ ሰምቶታል፤ ከሱ በላይ ማን ያውቀዋል?

አባቷ በከዘራው ተደግፎ ቀድሞ ወረደ። ጭምቱ ባየው ጊዜ ቆቡን አወለቀ።

«ጋሼ።»

«ያኔ ልክ ነበርክ» አለ አባቷ። «ይህን ለመናገር አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ ይቅር በለኝ። አሁን ግን የሠራኸው ልክ አይደለም። ስታየኝ አታፍርም? የኔን ቮላኖ እዚያ ላይ?»

«አፍራለሁ ጋሼ።»

«እፈር» አለና ትከሻውን ያዝ አድርጎት፣ ጥላ ወዳለበት አግዳሚ ወንበር ቀስ ብሎ አዘገመ። አንዴም ዞሮ አላየም፤ ጆሮው ግን የት እንደነበረ ግልጽ ነው።

ሁለቱ ቀሩ። እሷ እጇን የምታደርግበት አጣች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ያን ሁሉ ስሰድብህ፣ አንቺ ነሽ ያስገጠምሽኝ ለምን አላልከኝም?»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«የለመንኩህስ?»

«ፊትሽን አዞርሽ» አለ። «ድምፅሽ እንደዚያ ሲሆን... ሌላ መልስ ከአፌ አልወጣ አለኝ። መንቀጥቀጡንም ያን ዓርብ መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ደስ ብሎሽ ስለነበር ልነግርሽ አልቻልኩም። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።»

«ይቅር በለኝ። ያልኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ። እወድሃለሁ። ይህን መኪናዋ ውስጥ ልነግርህ ስል ስለ መሪው ያወራሁ ደደብ ነኝ።»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። የመጨረሻዎቹ ተሳፋሪዎች በአጠገባቸው ተጋፍተው ገቡ። ጭምቱ አውቶቡሱን አየ፤ እሷን አየ፤ የሆነ ቃል እንደሚጠብቅ ፊቱ ላይ ይታያል። እሷም ቃሉን ታውቀዋለች፤ አንድ ቃል ነው፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትናገር የነበረውን ይዛ አሰበች።

«ቆይ ልልህ ነው የመጣሁት» አለችው። «ግን አልልህም። ቆይ ብልህ እሺ ትለኛለህ። እሺታህ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ አይቼዋለሁ፤ ትክክለኛውን ፈትተህ ስህተተኛውን ታስራለህ። የድንጋይ ማውጫው ሥራ ጥሩ ሥራ ነው፤ አንተም ስትፈልገው የኖርከው ሊሆን ይችላል። እኔ አልቅሼብህ፣ አንተ አዝነህልኝ እንድትቀር አልፈልግም።» ጉንጯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ስለዚህ ሂድ። እኔ ነኝ የምልህ፤ ሂድ። መኪናዋን አባዬና እኔ እንፈታታለን።»

ጭምቱ ለረጅም ጊዜ አያት። መሬቱን አላየም።

ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እምቢ» አላት።